ባትሪ ቀይሬም ያልነሣው ዲኤክስ

መኪና መጠገንን በትርፍ ጊዜዬ መማር ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ መማሪያዬም ባለ 4ኬ ሞተር የሆነው አሮጌው ዲኤክስ ኮሮላዬ ነው። በዚህ ወር የማካፍለው ስለ አንድ ብልሽት ብቻ ነው። ቁልፉን ሳዞር ከኮፈኑ ሥር አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ነው።

ስሕተቴን አስቀድሜ ልናገር። ድምፁን በሰማሁበት ሳምንት ምንም ሳልለካ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። መኪናው ሁለት ቀን ያለ ችግር ተነሣና በሦስተኛው ጠዋት ያችው «ቀጭ» ተመለሰች። ለሁለት ቀን ያስነሣው አዲሱ ባትሪ ሳይሆን ባትሪውን ስቀይር ገመዶቹን መነቅነቄ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሰፈራችን ቁልቁለት ስለሆነ ልጆች ገፍተውልኝ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። በማግስቱ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚለኩሰውን እሳት የሚሰጡትን) ልፈታ ስዘጋጅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝና «ልጄ፣ ተገፍቶ የሚነሣ መኪና ካንዴላው ምን በደለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሞተር እንዲነሣ ነዳጅ፣ እሳት፣ በቂ እመቃና የመጀመሪያው ዙር ያስፈልጉታል፤ ሲገፋ የሚነሣ ከሆነ ሦስቱ በቦታቸው አሉ፣ የጎደለው ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) የሚሰጠው ዙር ብቻ ነው። በዚህች አንዲት ጥያቄ የፍለጋዬ ግማሽ ተጠናቀቀ።

ቀጥዬ የፊት መብራቱን አብርቼ ቁልፉን አዞርኩ። ባትሪው የደከመ ወይም ባትሪው ላይ ያለው ማሰሪያ የላላ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ክፉኛ ይደበዝዝ ነበር፤ እርሱ ግን ብዙም አልተለወጠም። ያን ጊዜ ቴስተሬን፣ ማለትም ቮልትና ኦም መለኪያዬን፣ አወጣሁ። ማርሹን ዜሮ አድርጌ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣም ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ከቦቢናው የሚወጣውን መካከለኛ ገመድ ነቅዬ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘሁትና የጎረቤቴን ልጅ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩት። ባትሪው ሥራ ሳይኖረው 12.6 ቮልት ነበረው፤ ይህ ሙሉ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ልጁ ቁልፉን ሲያዞር ግን 12.0 ላይ ቆመ። እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ነገር ግን የሚያስደስት አልነበረም። ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ ጤነኛ ባትሪም ቢሆን ወደ 10 እና 11 ቮልት ዝቅ ማለት አለበት (ከ9.6 በታች ከወረደ ደግሞ ባትሪው ራሱ ይጠረጠራል)። ስለዚህ ባትሪዬ ያልወረደው በጥንካሬው ሳይሆን ኃይሉ መንገድ ላይ ስለታገደ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ገብቼ ነበርና በዝርዝር ልጻፈው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን ወፍራም ገመድ፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን፣ በቴስተሩ የኦም መለኪያ ፈትሼው ደኅና ነው ብዬ አልፌው ነበር። የቴስተሩ ድምፅ ጮኸ፣ ቁጥሩም ሁለቱን የመለኪያ ዘንጎች እርስ በርስ ሳነካካቸው ከሚያሳየው አይለይም። ይሁን እንጂ ከወፍራሙ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ሳትበጠስ ብትቀርም ቴስተሩ ይጮኻል፤ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ የምታህል እንቅፋትም በርካሽ ቴስተር አትታይም፣ በሰማንያ አምፔር ላይ ግን 8 ቮልት ትውጣለች። የሚያዋጣው ኃይሉ እየፈሰሰ ሳለ ገመዱ የሚያስቀረውን ቮልት መለካት ነው። አንዱን ዘንግ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ቀለም በሌለበት የሞተር ብረት ላይ አድርጌ ልጁን «አዙር» አልኩት። ከ0.2 ቮልት መብለጥ የሌለበት ቁጥር 7.4 ሆነ።

ሌላም ምልክት ነበር፣ እኔ ሳላስተውለው የቆየሁት። ደጋግሜ ለማስነሣት ስሞክር የቾኩ መጎተቻ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት የሚሳበው እጀታ) እጄን ያቃጥለኝ ነበር። ዋናው መንገድ ሲዘጋበት ኃይሉ ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚመለሰው በመጎተቻው ቀጭን የብረት ገመድ በኩል ሆኖ ኖሯል።

ገመዱን ፈትቼ ላስቲኩን በምላጭ ስሰነጥቀው ከውጭ ጥቁርና ጤነኛ የሚመስለው ነገር ወደ ጫፉ ሲጠጋ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ የመዳብ ክሮቹም ስነካቸው ይረግፋሉ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ብመልሰው 7.4 የነበረው ወደ 2.1 ብቻ ስለወረደ በአዲስና በወፍራም ገመድ ቀየርኩት፤ የሚታሰርበትንም የሞተር ብረት እስኪያብረቀርቅ ፋቅኩት። አሁን የሚያስቀረው 0.1 ቮልት ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው 10.7 ላይ ይወርዳል፣ የቾኩ መጎተቻም አይሞቅም።

የፖዘቲቩን ገመድ በዚሁ መንገድ ስለካው 0.4 አሳየኝ። የሚፈቀደው እስከ 0.5 ስለሆነ ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ በመስከረም መልሼ እለካዋለሁ። አሮጌው ባትሪ ግን ደኅና ሆኖ ሳለ ተሽጧል።