ለቅሶ ደራሹ

ማክሰኞ ሌሊት፣ ቤክሊ፣ ዌስት ቨርጂኒያ

ዝናቡ አላባራም። ትራኩን አቁሜ ከመቀመጫው ጀርባ ያለችው አልጋ ላይ ጋደም ብያለሁ። ዛሬ 11 ሰዓት ነድቻለሁ። ሕጉ ደግሞ ከዚያ በኋላ 10 ሰዓት እረፍ ይላል። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ አልበም እየደጋገምኩ ስሰማ ነው የዋልኩት። ስለሱ ካልጻፍኩ የምተኛ አይመስለኝም።

አልበሙ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የስቲቭ ኧርል "ጄ.ቲ." ነው።

ካንትሪን፣ ይህን የአሜሪካ የገጠር ዘፈን፣ የለመድኩት ልጅ ሆኜ ነው። ደሴ እያለን ታላቅ ወንድሜ የዶን ዊሊያምስና የኬኒ ሮጀርስ ካሴቶች ነበሩት። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ድምፁ እስኪጎተት ድረስ እንሰማቸዋለን። እንግሊዝኛው አይገባንም። ሐዘኑ ግን ይገባን ነበር። እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ አንጀት የሚበላው?" ትል ነበር።

ስቲቭ ኧርልን ያወቅኩት ግን እዚህ፣ መንገድ ላይ ነው። ትራክ በጀመርኩበት ዓመት ቴነሲን ሳቋርጥ ሬዲዮው "ኮፐርሄድ ሮድ" የሚለውን ዘፈኑን አጫወተ። አያትየው ጫካ ውስጥ ተደብቆ አረቄ ያወጣል። አባትየው አረቄውን በመኪና ከተማ ያደርሳል። ልጁ ደግሞ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ እዚያው መሬት ላይ ማሪዋና ይዘራል። የሦስት ትውልድ ታሪክ በአራት ደቂቃ ተኩል! ዘፈኑ የወጣው በ1988 ነው (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ2023 የቴነሲ ግዛት ከይፋዊ ዘፈኖቿ አንዱ አድርጋ አጽድቃዋለች። እኔ ያን ቀን ስሙን ወረቀት ላይ ጻፍኩና ማታ ያገኘሁትን ሁሉ መስማት ጀመርኩ። ብዙ ነው። ከ20 በላይ አልበም አለው። እስካሁንም ጨረስኩት አልልም።

የተወለደው አሁን እኔ በምኖርባት በቨርጂኒያ ነው፤ በ1955። ያደገው ግን ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ አካባቢ ነው። ትምህርቱን አልጨረሰም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ጊታሩን ይዞ ወደ ሂዩስተን ኮበለለ። ኮበለለ የሚለው ቃል ነው የሚሻለው፤ የጠፋው ታውንስ ቫን ዛንትን ፍለጋ ነውና።

ታውንስ በቴክሳስ የሚኖር ገጣሚ ዘፋኝ ነበር። ገንዘብ የለው፣ ቤት የለው፣ መጠጥ የማይለየው ሰው። ዘፈን ጸሐፊዎች ግን ስሙን በአክብሮት ነው የሚጠሩት። ስቲቭ ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ አለ። አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ሲዘፍን ታውንስ ከፊት ተቀምጧል። በየዘፈኑ መሀል አንድ የድሮ የባቡር ዘፈን ካልዘፈንክ እያለ ይጮህበታል። ልጁ ዘፈኑን አያውቀውም። በመጨረሻ "አላውቀውም" ብሎ አመነ። ታውንስም ይህን ዘፈን ሳታውቅ እንዴት ራስህን የሕዝብ ዘፋኝ ትላለህ ብሎ አፋጠጠው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ከራሱ ከታውንስ ዘፈኖች አንዱን፣ በጣም ከባዱን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተው። ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ሆነ።

በ1974፣ በ19 ዓመቱ፣ የካንትሪ ከተማ የሆነችው ናሽቪል ገባ። እዚያ ደግሞ ሌላ መምህር አገኘ፤ ጋይ ክላርክን። በጋይ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ቀን ዘፈን ይጽፋል፣ ማታ እነሱ ጋ ተቀምጦ ይሰማል። የራሱን የመጀመሪያ አልበም፣ "ጊታር ታውን"ን፣ ያወጣው 12 ዓመት ቆይቶ በ1986 ነው። አልበሙ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ቢሆንም ናሽቪል አልተመቸችውም። የካንትሪ ሰዎች ሮክ ያበዛል አሉት። የሮክ ሰዎች ደግሞ ካንትሪ ነው አሉት። እንዲህ ከሁለቱም ደጅ የቆሙትን ነው በኋላ "አልተርናቲቭ ካንትሪ" ብለው የጠሯቸው። እሱ ከመንገድ ከፋቾቹ አንዱ ነው።

ከዚያ የሄሮይን ዘመን መጣ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከአራት ዓመት በላይ አዲስ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም። ጊታሮቹን ሸጠ። በ1994 ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ሱሱን ተወው። አልተመለሰበትም። እና ያ ሁሉ የታፈነ ዘፈን እንደ ክረምት ጎርፍ ወጣ፤ በ1995 አንድ፣ በ1996 አንድ፣ በ1997 አንድ፣ በ1999 ከደል መኩሪ ባንድ ጋር ብሉግራስ በሚባለው የገጠር ስልት የተሠራ አልበም፣ በ2000 ሌላ። ሦስት የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ታሪክ ጽፏል፣ ልብ ወለድ ጽፏል። "ዘ ዋየር" በሚለው ተከታታይ ፊልም ላይ ከሱስ ወጥቶ ሌላውን ሱሰኛ የሚደግፍ ሰው ሆኖ ተውኗል። እዚያ ላይ ሳየው የሚተውን አልመሰለኝም።

ስለ ብዛቱ ሲወራ ሁሌም የሚቆጠረው አልበሙ ነው። እኔ ዛሬ መሪ ይዤ ሳስብ የዋልኩት ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ለቅሶ አይቀርም። እኛ አገር እንዲህ የሚባል ሰው አለ። ሰርግ ሊቀር ይችላል። ለቅሶ ግን ዝናብ ቢሆን፣ ሌሊት ቢሆን፣ ቢጣላህም እንኳ ይደርሳል። ስቲቭ ኧርል እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ታውንስ በ1997 አዲስ ዓመት ቀን ሞተ። 52 ዓመቱ ነበር። ስቲቭ በ2009 የመምህሩን ዘፈኖች ብቻ ሰብስቦ "ታውንስ" የሚል አልበም አወጣ። ጋይ ክላርክ በ2016 አረፈ። በ2019 "ጋይ" ወጣ። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ በወዲያኛው ዓለም ጋይን ሳገኘው ለታውንስ ሠርቼ ለእሱ ሳልሠራ ቀርቼ መገናኘት አልፈልግም የሚል መልስ ሰጠ። ለእኔ ይህ የለቅሶ ደራሽ አነጋገር ነው። የአንዱን ለቅሶ ደርሶ የሌላውን መቅረት ነውር ነው።

ዘመድ ላልሆነም ይደርሳል። ጆናታን ኖብልስ የሚባል፣ ቴክሳስ ውስጥ በነፍስ ግድያ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ነበር። ይጻጻፉ ነበር። በ1998 ሲገደል ስቲቭ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ ነበር፤ ሰውየው ስለጠየቀው። ሄዶ ማየት ማለት ምን እንደሆነ አስባለሁ። የሞት ቅጣትን ከሚቃወሙት አንዱ ነው። በንግግር መቃወም ይችል ነበር። እሱ ግን ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ከዚያ ዘፈን ጻፈለት።

ደግሞ ይኸው አሁን ትራኬ የቆመበት አገር። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ሞንትኮል የምትባል ቦታ አለች። ሚያዝያ 5 ቀን 2010 እዚያ ያለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፈንድቶ 29 ሠራተኞች ሞቱ። በአሜሪካ በ40 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የማዕድን አደጋ አልደረሰም ነበር። በ2020 ስቲቭ ስለነሱ አንድ ሙሉ አልበም አወጣ። ውስጡ አንድ ዘፈን አለ፤ መጨረሻው ላይ ዜማውን ትቶ የ29ኙንም ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ዛሬ ተራራውን ስወጣ ይህን ዘፈን ከፈትኩ። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎት ሲደረግ ካህኑ ስም ሲጠራ ትዝ አለኝ። እናቴ ያኔ የአባቴ ስም እንዳያመልጣት ትንፋሿን ይዛ ትጠብቅ ነበር።

ያ አልበም በወጣ በሦስት ወሩ፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ የስቲቭ የመጀመሪያ ልጅ ሞተ።

ጀስቲን ታውንስ ኧርል ይባላል። ታውንስ የተባለው በታውንስ ቫን ዛንት ነው። እሱም ዘፈን ጸሐፊ ነበር። ጥሩ ጸሐፊ! ቀጭን፣ ረጅም፣ ጊታሩን በአውራ ጣቱ እየመታ የሚጫወት ልጅ። አባቱ ቤቱን ጥሎ የሄደው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ይህን በዘፈኑ አልደበቀም። "ነጠላ እናቶች" እና "የሌሉ አባቶች" የሚሉ ሁለት አልበሞች በተከታታይ አውጥቷል። ርዕሶቹ ብቻቸውን ይበቃሉ። የአባቱን ሙያ ወሰደ፣ የአባቱንም ሱስ ወሰደ። ለተወሰነ ጊዜ በአባቱ ባንድ ውስጥ ተጫውቶ ነበር። በሱሱ ምክንያት አባቱ ራሱ አስወጣው። በ38 ዓመቱ ናሽቪል ውስጥ፣ ፌንታኒል የሚባል ገዳይ መድኃኒት የተቀላቀለበት ኮኬይን ወስዶ ሞተ።

በዚያችው ሌሊት አባትና ልጅ በስልክ አውርተዋል። ስቲቭ በኋላ ለጋዜጠኛ ነግሮታል። "እንድቀብርህ አታድርገኝ" አለው። ልጁም "አላደርግህም" አለ።

ይህን ያነበብኩ ቀን መንገድ ዳር አቁሜ ቆየሁ።

እናቴ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምትዘጋው በአንድ ቃል ነበር። "ቅበረኝ" ትለኛለች። ልጅ ሆኜ ትርጉሙን አስቤው አላውቅም። እንደ "የኔ ጌታ"፣ እንደ "ዓይኔ" ነበር የምሰማው። ለካ ልመና ነው። እኔ ቀድሜህ ልሂድ፣ አንተ ከኋላዬ ኑር፣ አፈር የምታለብሰኝ አንተ ሁን ማለት ነው። አንድ ወላጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

እኔ አልቀበርኳትም። ስታርፍ ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ከወጣሁ መመለስ አልችልም። መርዶውን ያመጡልኝ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነው። በሩ ሲንኳኳ አወቅኩት። አምስት ሰዎች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አፓርታማችን ውስጥ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ፎቶዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አፈር ያለበሳት ወንድሜ ነው። ከቀብር ሲመለስ ደወለልኝ። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

እና ስቲቭ ኧርል አለ። እንድቀብርህ አታድርገኝ ብሎ የለመነውን ልጁን የቀበረ። እኔ ቅበረኝ ያለችኝን አልቀበርኩ። ሁለታችንም ቃሉ ተገልብጦብናል።

ልጁ ከሞተ በኋላ ብዙም አልቆየም። በዚያው ጥቅምት ባንዱን ሰብስቦ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ገባ። የልጁን አሥር ዘፈኖች መርጦ ዘፈነ። አልበሙ የወጣው ጥር 4 ቀን 2021 ነው፤ ጀስቲን በሕይወት ቢኖር 39 የሚሞላበት ቀን። "ጄ.ቲ." ያለው ልጁ እስኪጎረምስ ድረስ የሚጠራበት ስም ስለነበረ ነው። ገቢው ለጀስቲን ትንሽ ልጅ እንዲውል አደረገ። ስለ አልበሙ ሲናገር ግን ለሌላ ሰው ብዬ ሠራሁት አላለም። ለራሴ ነው አለ። መሰናበቻ ሌላ መንገድ ስለማላውቅ ነው አለ።

የሚገርመኝ አልበሙ የሚያለቅስ አይደለም። ከበሮው ይመታል፣ ቫዮሊኑ ይሮጣል። "ሻምፓኝ ኮሮላ" የሚለው ስለ አንዲት ቆንጆና ስለ መኪናዋ ነው፤ ያስጨፍራል። የስቲቭ ድምፅ ግን አርጅቷል። ልጁ በወጣት ጉሮሮ የዘፈነውን ሽማግሌው በሻከረ ጉሮሮ ይዘፍነዋል። "ሃርለም ሪቨር ብሉዝ" ላይ ስደርስ ሁሌ ድምፁን እቀንሳለሁ። ጀስቲን ይህን ዘፈን ሲያወጣ ሰው ሁሉ አጨብጭቦለት ነበር፤ በ2011 "አሜሪካና" የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ማኅበር የዓመቱ ዘፈን ብሎ ሸልሞታል። ግጥሙ ወደ ወንዝ ለመስጠም ስለሚሄድ ሰው ነው። አባት ይህን ቃል በአፉ ይዞ እንዴት እስከ መጨረሻ ይዘልቃል? ዘለቀ። ዜማ አላጎደለም።

አሥራ አንደኛው ብቻ የራሱ የስቲቭ ነው። "የመጨረሻ ቃላት" ይላል። ሲወለድ ከታቀፈበት ሰዓት ጀምሮ እስከዚያች የስልክ ጥሪ ድረስ ያለውን ነው የሚናገረው። በመጨረሻ የተባባሉት እወድሃለሁ ነበር። ሌላውን እዚህ አልጽፈውም። መስማት ነው የሚሻለው፤ ደግሞም ብቻን።

ከዚያም አላረፈም። በ2020 ጥቅምት ጄሪ ጄፍ ዎከር ሞቶ ነበር፤ እሱም ከቴክሳስ መምህሮቹ አንዱ። በ2022 "ጄሪ ጄፍ" ወጣ። የልጁ ሐዘን ገና ሳይወጣለት የሌላ ሰው ለቅሶ ደረሰ።

አሁን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። አልበሙ አልቋል። የሚሰማው የዝናቡና የጎረቤት ትራክ ሞተር ነው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት ግጥም ነበረች። ከቴፑ በላይ ስናስቸግራት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልይዛት ስሞክር ዋልኩ። የመጀመሪያዋ ስንኝ መጣችልኝ። ሁለተኛዋ እምቢ አለች።

ደሴ ነግቷል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። በሌሊት ስለደወልኩ ደንግጦ፣ "ምነው? ደህና ነህ?" አለ።

"ደህና ነኝ ጋሼ። እማዬ ስትፈትል የምትላት ግጥም ትዝ ትልሃለች?"

ዝም አለ። ለረጅም ጊዜ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያዋ ስንኝ ጀመረ።