የቀለም ክፍላችን መዝገብ፦ ለሐኪም እንዲመች አድርጌ እየጻፍኩት ነው

ቆዳና ክር የምታቀልሙ የሙያ ጓደኞቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በወርክሾፓችን ያሉትን ቀለሞችና አብረዋቸው የሚገቡትን ኬሚካሎች አንድ በአንድ እየመዘገብኩ ሌብል መለጠፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሥራው ገና አላለቀም። እስካሁን የደረስኩበት ግን ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ላካፍላችሁ።

ሁሉም የተነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። ማታ ላይ አንድ ሠራተኛ፣ ወይም እናቱን ሊጠብቅ የመጣ ልጅ፣ ከዚህ ክፍል የሆነ ነገር ቢጠጣ ሐኪሙ "ምንድን ነው የጠጣው?" ሲለን ምን እንመልሳለን? "ጥቁር ቀለም" ወይም "አሲድ ነገር" ማለት መልስ አይሆንም። ስለዚህ መዝገቡን ለስቶር ወይም ለሒሳብ ክፍል እንዲመች አላዘጋጀሁትም። ድንገተኛ ክፍል ለሚቀበለን ሐኪም እንዲመች አድርጌ ነው የምጽፈው። ይህን ከወሰንኩ በኋላ ምን መግባት እንዳለበት፣ ምን ቢቀር እንደማይጎዳ ለመለየት አልተቸገርኩም።

መጀመሪያ የገጠመኝ የስም ጉዳይ ነው። መርካቶ ገብታችሁ "የቆዳ ጥቁር" ስትሉ ከትልቁ በርሜል ተመዝኖ በፌስታል ይሰጣችኋል። በርሜሉ ላይ የፋብሪካው ስም፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የአደጋው ምልክት ሁሉ አለ። ፌስታሉ ላይ ምንም የለም። መረጃው እዚያው ሱቅ ቀረ ማለት ነው። አሁን ከመመዘኑ በፊት ባለሱቁን አስፈቅጄ የበርሜሉን ሌብል በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ምክንያቱን ሲሰሙ በርሜሉን ራሳቸው የሚያዞሩልኝም አሉ።

ፎቶው ላይ ቀድሜ የምፈልገው የካላር ኢንዴክስ ስሙን ነው። ይህ የእንግሊዝና የአሜሪካ የቀለም ባለሙያዎች ማኅበራት አብረው የሚያዘጋጁት የቀለሞች ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የንግድ ስሙ እንደ ፋብሪካው ቢለያይም የካላር ኢንዴክስ ስም አይለወጥም። ለምሳሌ አሲድ ብላክ 210 እና ዳይሬክት ብላክ 38 ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ቀለም ክፍል ውስጥ ሁለቱም "ጥቁሩ" ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ። ግን ጉዳታቸው አንድ አይደለም። ዳይሬክት ብላክ 38 የሚሠራው ቤንዚዲን ከሚባል ኬሚካል ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተፈራርሶ ቤንዚዲኑን መልሶ ይለቃል። ቤንዚዲን ደግሞ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዚዲንንም፣ ሰውነት ውስጥ ወደ ቤንዚዲን የሚለወጡትን ቀለሞችም በአንደኛው ምድብ፣ ማለትም ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍራንክፈርት ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚይዛቸው ያስታወቀው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት አሚን የሚባሉ 22 ጎጂ ኬሚካሎችን (ቤንዚዲን አንዱ ነው) የሚለቁትን፣ አዞ (azo) ከሚባለው የቀለም ቤተሰብ የሆኑ ቀለሞችን ከሰው ቆዳ ጋር በሚነካኩ የጨርቅና የቆዳ ውጤቶች ላይ ይከለክላል፤ ወሰኑ በኪሎ 30 ሚሊግራም ነው። ወደ ውጭ የምትልኩ ይህን ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቦርሳውን ከሚይዘው ደንበኛ ይልቅ ዱቄቱን በየቀኑ የሚመዝነው ልጅ ነው። ደንበኛው የሚነካው የታጠበና የደረቀ ቆዳ ነው፤ ልጁ የሚተነፍሰው ብናኙን ነው።

ከቀለሙ ስም ቀጥሎ የካስ (CAS) ቁጥሩን እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ካስ ቁጥር አለው፣ የትም አገር ቢሆን ያው ነው። ይህ ቁጥር በጣም የወደድኩት አንድ ነገር አለው። የመጨረሻዋ አሃዝ መፈተሻ ናት። እሷን ትታችሁ ከቀኝ ወደ ግራ የመጀመሪያውን አሃዝ በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3 እያላችሁ አባዙና ደምሩ። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ከመፈተሻዋ ጋር መግጠም አለበት። ቀለም ቆዳ ላይ እንዲይዝ የምንጨምረውን ፎርሚክ አሲድ እንውሰድ፤ ቁጥሩ 64-18-6 ነው። 8 በ1 ሲባዛ 8፣ 1 በ2 ሲባዛ 2፣ 4 በ3 ሲባዛ 12፣ 6 በ4 ሲባዛ 24። ድምሩ 46፤ መጨረሻው 6፤ ገጠመ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ቢጻፉ ወዲያው ያሳብቃል። ከአቅራቢ በእጅ ተጽፎ የሚመጣን ወረቀት ሁሉ በዚህ መንገድ ሳልፈትሽ ወደ መዝገብ አላስገባም።

ከአውሮፓ የመጣ በርሜል ካላችሁ "ዩኤፍአይ" (UFI) የሚል ኮድ ፈልጉበት። አራት አራት እየሆነ የተከፈለ 16 ፊደልና ቁጥር ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ግዴታ የሆነ ነው። አምራቹ የድብልቁን ይዘት ለመርዝ መረጃ ማዕከላት ያስመዘግባል፤ አንድ ሰው ተመርዞ ሲደወል ማዕከሉ በዚህ ኮድ ውስጡ ምን እንዳለ ያገኛል። ኮዱን እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልምጣ። በቀይ መስመር ተከበው በጫፋቸው የቆሙት አራት ማዕዘኖች በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት የወጡ ናቸው፤ ሥርዓቱ መጀመሪያ የታተመው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን ምልክቶቹ 9 ናቸው። ሠራተኞቻችንን እያሳየሁ ስጠይቅ የራስ ቅሉን ሁሉም ያውቁታል። እሳቱንም ያውቁታል። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ያለበትን ሰው ግን የሚያውቀው አልነበረም። ለእኛ ሙያ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። የራስ ቅሉ ቶሎ የሚገድል መርዝን ያመለክታል። ደረቱ የተሰነጠቀው ሰው ቀስ ብሎ የሚጎዳውን ያመለክታል፤ ካንሰር፣ አስም፣ የውስጥ አካል ጉዳት። ብዙ ሰው "የራስ ቅል የለውም፣ ችግር የለውም" ብሎ ያልፋል። ለጥጥ የምንጠቀምባቸው ሪአክቲቭ ቀለሞች ውስጥ ብዙዎቹ ብናኛቸው ሲተነፈስ አስም ያስነሳሉ። የሚመዝነው ሰው ያስላል፣ "ጉንፋን ነው" ይባላል፣ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ሲያርፍ ይሻለዋል፣ ሰኞ ይመለስበታል። እንዲህ ዓይነት ሳል ያለበት ሰው ካያችሁ ቀለሙን ጠርጥሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄድም የቀለሙን ስም ጽፋችሁ ስጡት።

አሁን ከሁሉም የበለጠ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ፤ ሃይላንድ። ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ፎርሚክ አሲድ በዓይን ከውሃ አይለይም። የጠማው ሰው አንስቶ ይጎነጫል። ትንሹ ዕቃ ላይ ሌብል ከሌለ ትልቁ ጀሪካን ላይ መለጠፉ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የምግብና የመጠጥ ዕቃ ለኬሚካል እንዳይውል አድርገናል። ለመቅጃ ሰፊ አፍ ያላቸው፣ ውሃ የማይጠጣባቸው ነጭ ዕቃዎች ገዛን፤ የሚጠጣ ውሃ ደግሞ ከክፍሉ ወጥቶ በር ላይ ተቀመጠ።

በፎርሚክ አሲዱ ዕቃ ላይ ያለው ሌብል ይህን ይላል፦ "ፎርሚክ አሲድ 85%። አደገኛ። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል። ያለ ጓንትና መነጽር አይከፈት። ከሰልፋይድና ከበረኪና ጋር አይቀመጥ። ከነካ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይታጠብ። ከተዋጠ አፍ ይጉመጥመጥ፣ ማስታወክ ክልክል ነው፣ ይህን ሌብል ይዞ ሆስፒታል።" ከሥሩ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ካስ ቁጥሩና የተቀዳበት ቀን አለ። ቀኑ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አልተውም፤ ፋብሪካው የሚያትመው በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ አዲስ መስሎ ይቀመጣል።

ሌብሉን በእርሳስ ነው የምጽፈው። ማርከር ስፒሪትና ሶልቨንት ሲነካው ይለቃል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ወረቀቱን ዕቃው ላይ አድርጌ በሰፊ ስኮች ዙሪያውን እጠቀልለዋለሁ። ክዳን ላይ አልለጥፍም፤ ክዳን ይለዋወጣል።

"ከምን ጋር አይቀመጥ" የሚለውን ዓምድ ለመሙላት አቅራቢው የሚሰጠውን ሴፍቲ ዳታ ሺት፣ ማለትም የኬሚካሉን የደህንነት መረጃ ወረቀት አነባለሁ። 16 ክፍሎች አሉት፤ እኔ ቀድሜ የምገልጠው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውንና 10ኛውን ነው። የመጀመሪያው አደጋውን፣ ቀጣዮቹ የመጀመሪያ ዕርዳታውንና አቀማመጡን፣ 10ኛው ደግሞ ከምን ጋር እንደሚጋጭ ይናገራል። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ የሠራ ሰው ሶዲየም ሰልፋይድን ፀጉር ለመንቀል ያውቀዋል፤ እኛ ጥጥ በሰልፈር ቀለም ስናቀልም እንጠቀምበታለን። አሲድ ከነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፤ ሰው "ሄደ" ብሎ ሲገባ ይወድቃል። በረኪናም አሲድ ሲነካው ክሎሪን ይለቃል። ሃይድሮስ የምንለው የማቅለሚያ ዱቄት (ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት) ደግሞ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ስለዚህ አሲዶቹ በአንድ ግድግዳ፣ ሰልፋይድና በረኪና ከእነሱ ርቀው፣ ሃይድሮስ ከቧንቧ ርቆ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ሆነዋል።

ዕርዳታው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ሰው ሲመረዝ ጣት ከትቶ ማስታወክ ወይም ወተት መጋት ለምደናል። አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ሲገቡ ያቃጠሉትን ጉሮሮ ሲወጡም ያቃጥሉታል። ወተት ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜም ወደ ሆስፒታል መሄጃ ነው። ቆዳ ላይ የፈሰሰውንም አትናቁ። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ አኒሊን ወይም ናይትሮቤንዚን የሚባል ኬሚካል ያለበት ጥቁር ቀለም የተቀባ ጫማ ሳይደርቅ ያጠለቁ ሰዎች በእግራቸው ቆዳ ብቻ ተመርዘው ከንፈራቸው ሰማያዊ እየሆነ ሐኪም ቤት ገብተዋል። እኛ ደግሞ ጫማ ነው የምንሠራው።

ይህን ሁሉ ለአሠሪ ስታስረዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አሳዩ፤ የሠራተኛን ደህንነት መጠበቅ የአሠሪ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። የእኛ አለቃ ግን አንቀጽ አላስፈለጋቸውም። የመነጽሩን ወጪ በዚያው ሳምንት ፈቀዱ።

አሁን የቀረኝ ማንነታቸው ያልታወቀ አሮጌ ዱቄቶች ናቸው። "ያልታወቀ፣ አይነካ" የሚል ሌብል ባለበት ክዳናም በርሜል ውስጥ ለብቻ ናቸው። ሥራ ላይ አይውሉም፣ ወደ ፍሳሽም አይደፉም። የመዝገቡ ኮፒ አንዱ ቀለም ክፍል፣ አንዱ ጥበቃው ጋ፣ ፎቶው ደግሞ በሁሉም ፈረቃ ኃላፊዎች ስልክ ላይ አለ፤ ማታ ክፍሉ ተቆልፎ ሳለ የሚጠየቀው ጥበቃው ነውና። የቡናማና የቀይ ቆዳ ቀለሞች ዳታ ሺት ያላችሁ ብትልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው። እኔም የአሲዶቹን፣ የሃይድሮስንና የሰልፋይዱን ሌብል በአማርኛ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ለሚፈልግ እልካለሁ።