ማስታወሻዎቼን በራሴ ሰርቨር ላይ ለማኖር ለምን ጆፕሊንን መረጥኩ?

የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ፣ የማስታወሻ መተግበሪያ ስመርጥ ያስቀደምኩት መመዘኛ መብራትና ኢንተርኔት በጠፉበት ሰዓትም መሥራት መቻሉን ነው። ጆፕሊን ማስታወሻዎቹን በስልኩም በላፕቶፑም ላይ ሙሉ በሙሉ ያስቀምጣል፤ ከሰርቨሩ ጋር የሚያመሳስለው ግንኙነት ሲመለስ ነው። የእቁቡን ተራ በስልኬ አስተካክዬ፣ ሳይመሳሰል በላፕቶፑም ብነካው፣ አንዱን በሌላው ላይ ሳይደርብ ቅጂውን ለግጭት በተለየ ደብተር ውስጥ ያቆይልኛል።

ሰርቨሩ ኔክስትክላውድ (ፋይል ማስቀመጫና ማመሳሰያ ፕሮግራም) የተጫነበት፣ ከራውተሩ አጠገብ የተቀመጠ ራስበሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ለውጭው ኢንተርኔት ስላልከፈትኩት የሚመሳሰለው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ለእኔ ይበቃል።

ኦብሲዲያን የተባለው ሌላ የማስታወሻ መተግበሪያም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጆፕሊን የፕሮግራሙ ኮድ ማንም እንዲያየው ክፍት አይደለም።

የሐኪም ቀጠሮና የቤተሰብ ጉዳይ የሰፈረበት ማስታወሻ ሳይመሰጠር ከስልክ መውጣት የለበትም ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ጆፕሊን ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ምስጠራ ቢኖረውም፣ ተጠቃሚው ራሱ ካላበራው አይሠራም። ምስጠራው በመሣሪያው ላይ ያለውን ቅጂ ስለማይሸፍን ስልኩንና ላፕቶፑን በይለፍ ቃል መቆለፍ ያስፈልጋል፤ የምስጠራው ዋና የይለፍ ቃልም በወረቀት ተጽፎ ከሰነዶች ጋር ቢቀመጥ ይመረጣል።