ዝቅ በል፣ ወደ ፊት ጠጋ በል

የመጀመሪያውን የዱር አሳማዬን መትቼው አጣሁት። ትልቅ ወንዴ ነበር። ማድፈጫው ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፋሼን ውጬ ከተቀመጥኩ በኋላ 40 ሜትር በማይሞላ ርቀት ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ፣ እኔም ከትከሻው ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብዬ፣ ከቁመቱ መሃል ላይ አልሜ ለቀቅኩበት። ጮኸ፣ ጫካ ገባ፣ በቃ። አብሮኝ የነበረው ጋሼ «ሆዱን ነው የመታኸው» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አጋዘን የለመደ እጅ ከትከሻ ኋላ ይፈልጋል። የአሳማ ልብና ሳንባ ግን ወደ ፊትም ወደ ታችም የተጠጉ ናቸው። ልቡ ያለው በሁለቱ የፊት እግሮቹ መሃል፣ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከትከሻው ኋላ ስንዝር ከሄድክ ጉበትና ጨጓራ ውስጥ ገብተሃል። በዚያ ላይ ጋማው ጀርባው ላይ ስለሚቆም ቁመቱን ያስረዝመዋል፣ መሃል ያልከው ከመሃል በላይ ይሆናል።

አሁን ጎኑን ሲሰጠኝ ዓይኔን በፊት እግሩ ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። የሰውነቱ ቁመት ሲሶ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ትንሽ ከፍ ቢል ሳንባ፣ ዝቅ ቢል ልብ ነው።

ትልልቅ ወንዴዎች ትከሻቸው ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ እንደ ጋሻ የጠነከረ ወፍራም ሽፋን አላቸው፤ እርስ በርስ ሲዋጉ ከጥርስ ያድናቸዋል። ደህና ጠመንጃ ያልፈዋል። በቀስት ከሆነ ግን ፊቱን ትንሽ ከአንተ አዙሮ እስኪቆም ጠብቅና ከጎድኑ ገብቶ ወደ ማዶው ትከሻ በሚሄድ መስመር ልቀቅ።

ጭንቅላት? አልወድም። ከጆሮው ሥር ከገባ ባለበት ይወድቃል፣ እውነት ነው። ግን አንጎሉ ትንሽ ነው፣ መሬት ሲቆፍር ደግሞ ራሱ ለአፍታ አያርፍም፣ ትንሽ ከሳትክ መንጋጋውን ሰብረህ በረሃብ እንዲሞት ነው የምትሰደው።

ማድፈጫው ራሱም ጣጣ አለው። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ከአፈሙዙ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ስለሚል፣ አሳማው ጥርት ብሎ እየታየህ አፈሙዙ የማድፈጫውን መስኮት ጠርዝ እያየ ሊሆን ይችላል። ይሄን ያወቅኩት እንጨት ተኩሼ ነው፣ አይወራም። መንጋ ከሆነ ደግሞ ከኋላው ሌላ አለመቆሙን እይ፣ ጥይቱ አልፎ ሁለተኛውን ያቆስላል። ግልገል የሚከተላትን እናት እተዋለሁ።

ከተኮስክ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንቅንቅ አትበል፤ ሆዱን ከመታኸውማ ብዙ ሰዓት ነው የሚጠበቀው። ስቡና ፀጉሩ ቁስሉን ስለሚደፍኑት ደም መሬት ላይ ቶሎ ላታይ ትችላለህ፣ የቆሰለ አሳማ ደግሞ ጥሻ ውስጥ ስትደርስበት ዞሮ ይመጣብሃል። እኔ ያን ቀን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልወጣ ስል ጋሼ ኮሌታዬን ይዞ መለሰኝ።