ኮፓ ሳልቀይር የተበላውን የታፖ ጥርስ ያደስኩበት መንገድ

የመኪናዬን ዘይት ስቀይር ታፖውን፣ ማለትም የዘይት ማፍሰሻውን ቀዳዳ የሚዘጋውን ብሎን፣ ሳስር መፍቻው ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። ፈትቼ ሳየው በታፖው ጥርስ መሀል የተጠመጠመ የአልሙኒየም ክር ይዞ ወጣ። ታፖው ብረት ስለሆነ ምንም አልሆነም፤ የተላጠው የኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ጥርስ ነው። ለዓመታት በየቅያሬው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ለስላሳው አልሙኒየም ይሸነፋል።

ቴፕ ጠምጥሞ ማሰሩን አልፈለግሁም፤ ቁራጩ ወደ ዘይት ፓምፑ ወንፊት ሊሄድ ይችላል። ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባ ወፍራም ታፖም አለ፣ ግን ጠማማ ከገባ ኮፓው አበቃለት። የመረጥኩት ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለውን የብረት ቀለበት ነው። ከሽቦ የተጠመጠመውም ይሠራል፤ ሆኖም ታፖ በየጊዜው ስለሚፈታ ድፍኑ ይሻላል ባይ ነኝ።

ታፖዬ 14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነበር። ይህን ሳይለኩ ቀለበት መግዛት ከንቱ ድካም ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መኪናውን በክሪክ አንስቼ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳረፍኩት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠብ ብዬ ተውኩት፣ ምክንያቱም ቀለበቱን የሚይዘው ማጣበቂያ ቅባት ላይ አይጣበቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙዎቻችን ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ ይመስለናል። ጥርሱ ታፖውን ጎትቶ ይይዛል እንጂ የሚዘጋው ከታፖው ራስ ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ሮንዴላው ነው፤ እሱም የሚዘጋው ከኮፓው ፊት ጋር ዙሪያውን እኩል ሲገጥም ነው። ስለዚህ አዲሱ ጥርስ ትንሽ እንኳ ካዘነበለ፣ የቱንም ያህል ቢጠነክር ያንጠባጥባል። ለቀለበቱ አዲስ ጥርስ የሚቆርጠውን ጥርስ ማውጫ በእጄ እያዞርኩ፣ ቀጥ ብሎ መግባቱን በትንሽ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ከፊትም ከጎንም ደጋግሜ ለካሁ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ። የማውጫውን ቦዮች በግራሶ ስለሞላኋቸው አብዛኛው ፍቅፋቂ እዚያው ተያዘ፤ እያወጣሁ ጠርጌ እንደገና ቀባሁ። ማግኔት እዚህ አይረዳም፣ አልሙኒየም አይስብም።

ቀለበቱን ሙቀትና ዘይት በሚችል ማጣበቂያ ቀብቼ ከኮፓው ፊት በጥቂቱ ዝቅ እስኪል አስገባሁት። ከፍ ካለ ሮንዴላው የሚያርፈው ኮፓው ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ይሆናል። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ታፖውን ክፍት ትቼ አንድ ሊትር ያህል ንጹህ ዘይት ከላይ አፈሰስኩ፤ ከታች ያስቀመጥኩት ነጭ ጨርቅ ላይ የሚያብረቀርቁ ብናኞች ቀሩ። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ሞተሩን እየጎዳ ነው።

ታፖውን በአዲስ ሮንዴላ፣ መመሪያው በሚያዘው ልክ አሰርኩ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ25 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ ክንድ ግን ይህን በትክክል አይገምትም፣ ስለዚህ የሚለካ መፍቻ ያስፈልጋል። ዘይት ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍቼ ታፖው ዙሪያ ደረቅ ወረቀት አዞርኩ። ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ ከረጅም ጉዞ በኋላም እንደዚያው።