ባዶውን የእናቶች ማቆያ ለመሙላት ያደረግሁት

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሲዳማ ደጋ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስመደብ፣ እናቶች ቤታቸው የሚወልዱት አደጋውን ስለማያውቁ ነው ብዬ አምን ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተከናወነው ወሊድ 26 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ ጉልበቴን ሁሉ ያዋልኩት በማስተማር ላይ ነበር።

ለቅድመ ወሊድ ክትትል አራት ጊዜ የመጣች አንዲት እናት ግን እምነቴን አናጋችው። ደም መፍሰስን፣ ከባድ ራስ ምታትን፣ የዓይን ብዥታንና የፊት እብጠትን አንድ በአንድ ትቆጥርልኝ ነበር። አንድ የክረምት ሌሊት ሊነጋጋ ሲል በቃሬዛ አመጧት፤ ከምሽት ጀምሮ ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደሟም እየፈሰሰ ነበር። ማሕፀን እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም የሚረዳውን ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒትና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ሰጥተን በአምቡላንስ ወደ ሐዋሳ ላክናት፤ ደም ተሰጥቷት ተረፈች። አማቷን «ምልክቱን እያወቃችሁ ለምን ዘገያችሁ?» ስላቸው፣ «ሲስተር፣ ማወቁንስ አውቀናል፤ ባሏ ገበያ ሄዶ አልተመለሰ፣ በሌሊት ማን ይሸከማት? ልጆቹንስ ለማን ጥለን እንምጣ?» አሉኝ። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል እኔ አውቅ ነበር፤ እርሳቸው የጠየቁኝን ግን አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እርግዝናው ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ባልና አማት አብረው እንዲመጡ አደረግሁ። ባል ከሌለ ማን እንደሚወስን፣ ቃሬዛውን እነማን እንደሚይዙ፣ ልጆቹንና ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ በስም አስጽፌ አንዱን ቅጂ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እሰጣለሁ። ሲዳምኛ ስለማልችል በእርሷ አስተርጓሚነት «ገብቶሻል?» እያልኩ ስጠይቅ ሁሉም «አዎ» ይሉኝ ነበር፤ ይህን ጥያቄ ትቼ «ዛሬ ማታ ምጥ ቢጀምርሽ መጀመሪያ ማንን ትጠሪያለሽ?» ማለት ስጀምር ነው እውነቱን መስማት የቻልኩት።

ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን እስኪደርስ የሚቆዩበት የጤና ጣቢያችን ማቆያ ክፍልም ባዶውን የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማብሰያ አልነበረውም፤ አስታማሚም አናስገባም ነበር። ጉዳዩን በወርሃዊው የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ስናነሣ ነዋሪው ቆጮ፣ እህልና ማገዶ አዋጣ፤ ከክፍሉ ጀርባ ማድ ቤት ተሠራ፤ አንድ አስታማሚም አብራ እንድታድር ተፈቀደ። ገንፎው እዚያው ሲገነፋ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ሲጠሯቸው እምቢ ይሉ የነበሩት መምጣት ጀመሩ።

መምጣታቸው ብቻ ግን አያድናቸውም። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጠዋትና ማታ መመዝገብን የተረኛው ግዴታ አደረግነው። ከወንዙ ማዶ ያሉትን እናቶች ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃው መንገዱን ስለሚዘጋ፣ ከመውለጃ ቀናቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን እናስገባቸዋለን።