ከመርፌው በፊት ያለው ሰዓት

ዛሬ አራተኛው ዙር ኬሞቴራፒዬ ነበር። ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ከመርፌው በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ወደ ክፍሉ ስገባ ገና ምንም ሳይደረግልኝ ያቅለሸልሸኛል። ይህ የሚመጣው አእምሮ ክፍሉንና ሽታውን ካለፉት ሕክምናዎች ጋር አያይዞ በመያዙ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ በራሴ ማፈሬን ትቻለሁ።

በመጠባበቅ ላይ ሳለሁ ነርሷ ያስተማረችኝን፣ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያዳበረውን ጡንቻን በየተራ የማላላት ዘዴ ሞከርሁ። ከእግሬ ጣቶች ጀምሬ እያንዳንዱን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል አኮማትሬ በአንድ ጊዜ እየለቀቅሁ፣ በመወጠሩና በመላላቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስተዋልሁ፤ የሚያም ቦታን ማኮማተር ስለማይመከር ግን ቀዶ ሕክምና የተደረገልኝን ጎኔን ዘለልሁት። ትከሻዬ ላይ ስደርስ፣ ሳላውቀው እስከ ጆሮዬ ሰቅዬው እንደነበር ገባኝ (ከስንት ወር ጀምሮ እንደሆነ እንጃ!)። ከዚያም አየር ከማስገባበት ይልቅ የማወጣበትን ጊዜ ሳረዝም የልቤ ምት ቀስ እያለ ሲረጋጋ ተሰማኝ።

ዘዴው ዕጢውን እንደማያክም አውቃለሁ፤ ፍርሃቴም ሙሉ በሙሉ አልሄደም። በሦስተኛው ዙር ስሞክረው እንዲያውም ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎኝ አልቅሼ አቋርጬዋለሁ። ዛሬ ግን ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ እጄን የዘረጋሁላት ሳትጠይቀኝ ነው። ቀጣዩ ዙር ከ3 ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት እለማመደዋለሁ።